የእትዬ ዘብ መስኮት

ሟቿን መጀመሪያ ያየቻቸው ወተት የምታዞረው ሴት ናት። እንደ ልማዷ የበሩን ደወል ተጫነች፤ አልጮኸም። አንኳኳች፤ መልስ የለም። ገፋ ብታደርገው በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። አሮጊቷ ከደረጃው ሥር በጀርባቸው ወድቀዋል። አንድ እግራቸው የታችኛው እርከን ላይ እንደተሰቀለ ቀርቷል፤ ነጠላ ጫማቸው ወዲያ ተሽቀንጥሯል። ወተት ሻጯ አልጮኸችም። ጀሪካኗን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ ደፉ ላይ ተቀምጣ የሚያልፍ ሰው ጠበቀች።

መርማሪው ሲደርስ ግራ ጉንጩ አብጦ ነበር። መንጋጋው ሲጠዘጥዘው ሰንብቷል። ለማስነቀል ጊዜ አጣሁ ይላል፤ አብራው የምትሠራው ሳጅን ግን ነገሩ ፍርሃት መሆኑን ካወቀች ቆይታለች። ሁለቱም እንቅልፍ አልጠገቡም። የመጡት ከሌላ ሬሳ ነበር።

«ወድቀው ነው ይላል ሰዉ፤» አለች ሳጅኗ። «ደረጃው ጨለማ ነው። እርጅናውም አለ።»

መርማሪው የደረጃውን ማብሪያ ተጫነ። አልበራም።

«አምፖሉ ተቃጥሎ ይሆናል።»

«ይሆናል፤» አለና ግድግዳውን እየተደገፈ ወደ ላይ ወጣ።

ላይ ያለችው አንድ ክፍል ናት። የብረት አልጋ፣ ግድግዳው ላይ የአንድ ጎልማሳ ፎቶ፣ መስኮቱ ሥር ደግሞ ትራስ የተደላደለበት ወንበር። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው መንገዱን፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ቦይ፣ ከቦዩ ማዶ የጦር ካምፑን እሾሃማ ሽቦና ከሽቦው ጀርባ የተደረደሩትን ጽዶች እንደ መዳፉ ያያል። ከጽዶቹ በላይ የካምፑ የነዳጅ ዴፖ ጣሪያ ብቅ ብሏል። የወለሉ ምንጣፍ ወንበሩ ፊት መነጠፍ ሲገባው አልጋው ጥግ ተጎትቶ ተጣሟል። መርማሪው ጎንበስ ብሎ ጫፉን ገለጠው። ከሥሩ ያለው ጣውላ ርጥብ ነበር።

«የወደቀ ሰው ወለል አያጥብም፤» አለ።

ሐኪሙም ከእሱ ጋር ተስማማ። ጭንቅላታቸው የተመታው ከኋላ፣ በስል ነገር ጥግ ነው። የአልጋው የብረት ማዕዘን ተጠርጓል፤ ብየዳው ስንጥቅ ውስጥ ግን ደም ቀርቷል። ሌላም ነገር አለ፤ አንገታቸው ላይ ቀጭን መስመር የመሰለ ፍግፍግታ ታይቷል፤ ማሰሪያ ወይም ገመድ በኃይል የተጎተተበት ዓይነት።

«ሐብል ነበራቸው?» ብላ ጠየቀች ሳጅኗ ወተት ሻጯን።

«የምን ሐብል። አንገታቸው ላይ የማይጠፋው ያ የሩቅ ማሳያ መነጽር ነው። ወተት ሊቀበሉኝ ሲወርዱ እንኳ አያወልቁትም።»

መነጽሩ በቤቱ ውስጥ የለም።

* * *

በሰፈሩ ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው። እትዬ ዘብ ነው የሚባሉት። ስሙን ያወጡላቸው ወጣቶች ለቀልድ ቢሆንም እሳቸው ወደውት ነበር። በፖስታ ቤት ሠርተው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው መስኮቱ ነው። ካምፑ አጠገብ የቆመ መኪና፣ ሽቦውን ተደግፎ ስልክ የሚያወራ ጎረምሳ፣ ቦዩ ውስጥ የወደቀ ከረጢት፣ ሁሉንም አይተው ለፖሊስ ይደውላሉ። የካምፑ አጥር ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ «ያየ ይናገር፣ የሰማ ያሳውቅ» ይላል። በሰፈሩ ውስጥ ቃሉን የምር የወሰዱት እሳቸው ብቻ ናቸው እየተባለ ይሳቅ ነበር።

ሴት ልጃቸው ግን አልሳቀችም። ማተሚያ ቤት የምትሠራ፣ እጇ ላይ የቀለም ምልክት ያላት፣ ዝምታ የምታበዛ ሴት ናት። መርማሪው ያገኛት ጣቢያው ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው።

«ፎቶው ላይ ያሉት አባትሽ ናቸው?»

«አዎ። ካምፑ በር ላይ ፈንጂ የፈነዳ ጊዜ ሞተ። ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ነበር። ፈንጂው የተጠመደባት መኪና ከማለዳ ጀምሮ እዚያው ቆማ ነበር አሉ። ስንቱ ሰው አይቷት አልፏል። አንድ ሰው አፉን ቢከፍት…» ትከሻዋን ወደ ላይ አደረገች። «እማዬ ከዚያ በኋላ ነው መስኮት ላይ የተቀመጠችው።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ መርማሪው ግን ተረቱን ዋጠው።

«የሚጠላቸው ሰው ነበር?»

«የጠቆመችው ሁሉ ይጠላታል። ፎቶ አንሺውን ጠይቁት። በእሷ ጥቆማ ወታደሮች ይዘውት ካሜራው ተሰብሯል። ‹አንድ ቀን ዓይንሽን አወጣዋለሁ› ብሏታል፤ ሰው ፊት።»

ስልክ የሚቀበለው ወፍራም ኮንስታብል ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ዳቦ ይበላ ነበር። መርማሪው አጠገቡ ቆመ።

«ዛሬስ ደውለው ነበር?»

«የማይደውሉበት ቀን አለ እንዴ ጌታዬ? ገና ሻዬን ሳልጨርስ ደወሉ።»

«ምን አሉ?»

«ሽቦው ጋ፣ ከጽዱ ሥር፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው መሬት ሲጭር አየሁ አሉ። ካምፕ ውስጥ ወታደር ቢታይ ምን ይገርማል? ትናንት የውኃ ጋሪ ገፊውን ነበር የጠረጠሩት። ከዚያ በፊት አንድ ፍየል።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«እሺ አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ?» አለና ወደ ዳቦው ተመለሰ።

* * *

የሰፈሩ የጥበቃ ኮሚቴ ሊቀመንበር የወፍጮ ቤት ባለቤት ነው። ወፍጮ ቤቱ ከእትዬ ዘብ ቤት በታች፣ መንገዱ ታጥፎ ቦዩን በሚያቋርጥበት በኩል፣ ከካምፑ ሽቦ ጋር ጀርባ ለጀርባ ተጣብቋል። ከሰዓት በኋላ እነ መርማሪው ሲደርሱ ወፍጮው እያጓራ ነበር። ሊቀመንበሩ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሶ ወጣና ሠራተኛውን አስቁም አለው። ዝምታው ጆሮ ላይ ከበደ።

«እኔ ነኝ ልቅሶውን የማስተባብረው፤» አለ። «እናታችን ነበሩ። የኔን እናት አላወቅኋትም፤ እሳቸው ናቸው የሚቆጡኝ።» ዓይኑ በእርግጥ ቀልቶ ነበር። ከዚያ የመርማሪውን ጉንጭ አየ። «ይሄ ጥርስ ነው አይደል? ቆይ።»

ጓዳ ገብቶ ቅርንፉድ ይዞ ተመለሰና በጣቶቹ ቆንጥሮ ሰጠው። መርማሪው የታመመው ጥርሱ ላይ አድርጎ ነከሰው። ምሬቱን ይጠብቅ ነበር፤ ሌላ ጣዕም፣ የናፍታ የሚመስል፣ ምላሱ ላይ ተሰማው። አፉ ውስጥ ሁሉም ነገር ከተበላሸ ስለሰነበተ ጥርሱን ጠረጠረ።

«ጠዋት የት ነበሩ?» አለች ሳጅኗ።

«እዚሁ። ስፈጭ ነው ያረፈድኩት። ማንንም ጠይቂ፤ የወፍጮዬን ድምፅ ያልሰማ የለም።»

«ለእትዬ ዘብ ቂም የነበረው ሰው ያውቃሉ?»

ሊቀመንበሩ ሰው ላለማማት እንደሚጠነቀቅ ሁሉ ትንሽ አመነታ። «ሐሜት አልወድም። ግን ፎቶ አንሺው… የኮሚቴው አባላት ጠዋት በዚያ በኩል ሲያልፍ አይተውታል።»

ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ጫማ ሰፊው፣ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሁሉ ተጠየቁ። ወፍጮውን ሰምተዋል። ጠዋቱን ሙሉ ሲያጓራ ነበር አሉ። ሊቀመንበሩ ከተጠርጣሪዎች ወጣ። እውነቱን ለመናገር አልገባም ነበር።

* * *

ፎቶ አንሺውን ለመያዝ ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። ሰፈሩ ቀድሞ ይዞታል። ሱቁ በር ላይ ሃያ የሚሆን ሰው ከቦት ነበር፤ ሸሚዙ ተቀድዷል፤ አንዲት ሴት በጃንጥላዋ ጫፍ ደረቱን ትነቁራለች። «ገዳይ» የሚለው ቃል ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞር ነበር፤ ማንም ግን ድምፁን ከፍ አላደረገም። መርማሪውን ያስፈራው ይሄ ዝግታ ነው።

«ያያችሁት እናንተ ናችሁ?»

አዩ። አንዱ በቀይ ሹራብ አየሁት አለ። ሁለተኛው ነጭ ሸሚዝ ነበር የለበሰው አለ። ባለ ጃንጥላዋ ደግሞ ኮፍያውን እስከ ዓይኑ ደፍቶ ነበር አለች። ፎቶ አንሺው ራሰ በራ ነው፤ ኮፍያ ሲያደርግ ያየው የለም።

መርማሪው ሱቁን አሽጎ ፎቶ አንሺውን እጁን ይዞ መኪና ውስጥ አስገባው። ሰዉ በፖሊሱ ፍጥነት ረክቶ ተበተነ። ሰውየውን የወሰደው እንዳይገድሉት መሆኑን የገመተችው ሳጅኗ ብቻ ናት።

ጣቢያ ከገቡ በኋላ ውኃ ሰጡት። ሁለት ብርጭቆ ጠጣ።

«ዓይናቸውን አወጣለሁ ብለሃል?»

«ብያለሁ። ካሜራዬን በልጆቼ ጉሮሮ ነው የገዛሁት። ሙሽሮቹ ከኋላቸው ጽድ እንዲኖር ፈለጉ፤ ሽቦው በፎቶው ውስጥ ይገባል ብዬ አላሰብኩም። እሳቸው ሰላይ ነው ብለው ጠቆሙ። ተናድጄ ተናገርኩ። በማግስቱ ደግሞ ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ሻይ አጠጥተውኛል። ‹ልጄ፣ ሥራዬ ነው፤ አንተም ሥራህ ነው› አሉኝ።»

«ያየ ሰው አለ? ሻዩን ስትጠጣ?»

ፎቶ አንሺው ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ። «እሱን ማን ያያል?»

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ከተማው መሀል፣ ጓደኛዬ ፎቶ ማተሚያ። ከተሰበረው ካሜራ የተረፈውን የሙሽሮቹን ፎቶ ዛሬ አስረክባለሁ ብዬ ነበር፤ ገና ጎህ ሲቀድ መብራት ጠፋ። ብጠብቅ፣ ብጠብቅ የለም። ፋይሉን ይዤ ወደዚያ ሄድኩ። ስመለስ እንደዚህ ተቀበሉኝ።»

ሳጅኗ ልታጣራ ወጣች። መርማሪው ጠረጴዛው ላይ ክንዱን ተንተርሶ ዓይኑን ጨፈነ። በእሱ ቤት የፎቶ አንሺው ነገር ገና ከጅምሩ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር፤ የተናደደ ሰው ሬሳ ተሸክሞ ደረጃ አይወርድም፣ ወለልም አያጥብም። የተመታው ሰው ከላይ፣ ሬሳው ከታች። ይህን ያደረገ ሰው የሚጠብቀው ነገር አለው።

ሳጅኗ ስትመለስ ኮቷን ሳታወልቅ ተናገረች። «እውነቱን ነው። ፎቶ ማተሚያው ውስጥ አራት ሰው አይቶታል። ይፈታ?»

«ዛሬ እዚሁ ይደር። ቤቱ ከሄደ ይገድሉታል።» ከዚያ ቀና አለ። «ስለ መብራቱ ምን ነበር ያለው?»

«ምን?»

«መብራት ጠፋ ብሎ ነው የሄደው።»

«አዎ። ጎህ ሲቀድ ጠፋ አለ።»

መርማሪው ቅርንፉዱን ከአፉ አውጥቶ መዳፉ ላይ አየው። የደረጃው ማብሪያ አልበራም ነበር። የበሩ ደወልም አልጮኸም።

«ወፍጮው በምንድን ነው የሚሠራው?» አለ።

* * *

የመብራት መሥሪያ ቤቱ ጥገና ክፍል ሠራተኛ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ማለዳ እንደተቃጠለና ከቀትር በኋላ እንደተቀየረ ነገራቸው። ወፍጮ ቤቱም በዚያው መስመር ላይ ነው። ድሮ በናፍታ ይሠራ ነበር፤ ነዋሪው ጭሱ ገደለን ብሎ ስለተከራከረ ወደ ኤሌክትሪክ ዞሯል። ክርክሩን ለኮሚቴው ያቀረቡት እትዬ ዘብ ነበሩ። ሊቀመንበሩም ወዲያው እሺ ብሎ በሰፈሩ ተመስግኗል።

«ታዲያ ጠዋት ያጓራው ምንድን ነው?» አለች ሳጅኗ።

ሰው የለመደውን ድምፅ አይሰማም፤ ሰማሁ ይላል እንጂ። ሰፈሩ ሁሉ ባዕድ ሰው ሲጠብቅ የራሱን ወፍጮ ማን ያዳምጣል?

ሳጅኗ በማግስቱ ጠዋት ቤት ለቤት ዞራ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት አገኘች። ሴትዮዋ በዚያ ቀን ስንዴ ተሸክማ ወደ ወፍጮ ቤት ሄዳ ነበር።

«አልፈጩልኝም። ሠራተኛው መብራት የለም፣ ነገ ነይ አለኝ።»

«ድምፅ ግን አልሰማሽም?»

«ሰማሁ እንጂ። ከጓሮ በኩል። ‹ታዲያ ይሄስ?› ብዬ ስጠይቀው ጄኔሬተር ነው አለኝ። በጄኔሬተሩ ለምን አትፈጩልኝም ብዬ ልከራከር አስቤ ወገቤ አመመኝና ተውኩት።»

«ሊቀመንበሩስ? አይተሻቸዋል?»

ሴትዮዋ ሆዷን እየዳበሰች አሰበች። «ሲወጡ ተላለፍን። በጓሮ በር። ከእትዬ ዘብ ኋላ ኋላ ሲሄዱ። ዕቃ ሊይዙላቸው መስሎኝ። ሊቀመንበራችን ናቸው፤ ምን ብዬ ልጠርጥር?»

* * *

ካምፑን የሚያዘው ሻምበል ከዴፖው ነዳጅ ይወጣል ሲባል መጀመሪያ አላመነም። ሽቦው በየዕለቱ ይፈተሻል አለ። መርማሪው አልተከራከረም። የእትዬ ዘብ ወንበር ላይ አስቀመጠውና «ከጽዱ ሥር ተመልከት» አለው። ሻምበሉ ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ወረደ፤ ወታደሮች ይዞ ሄዶ ከሦስተኛው ጽድ ሥር ያለውን ሣር አስነሳ። ሣሩ እንደ ክዳን ተነሣ። ከሥሩ ወፍራም ቱቦ ነበር፤ አንድ ጫፉ ወደ ዴፖው፣ ሌላው በሽቦው ሥር አልፎ በቦዩ ግርጌ ወደ ወፍጮ ቤቱ ጓሮ ይሄዳል።

መርማሪውና ሳጅኗ ወፍጮ ቤት ሲገቡ ሊቀመንበሩ ዱቄት እየመዘነ ነበር። ወታደሮቹን በጓሮ በር በኩል ሲያያቸው ሚዛኑን ለቀቀ። አልሮጠም። ሠራተኛው ግን አለቀሰ፤ ማንም ሳይጠይቀው በጣቱ የፉርሽካውን ክምር አመለከተ። ከፉርሽካው ኋላ በርሜሎች ተደርድረዋል። ከበርሜሎቹ አጠገብ አሮጌው የናፍታ ሞተር ከፓምፕ ጋር ተገጥሞ ቆሟል። ሳጅኗ የፉርሽካውን ክምር በአካፋ ስትገለብጥ አንድ ጥቁር መነጽር ወጣ። ማሰሪያው ተበጥሷል።

«ፎቶ አንሺው ሱቅ ውስጥ ልታስቀምጠው ነበር አይደል?» አለ መርማሪው።

«ሱቁን አሸጋችሁት፤» አለ ሊቀመንበሩ።

* * *

ጣቢያ ውስጥ ሊቀመንበሩ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ዱቄቱን ከፊቱ ስላልታጠበ በአንድ ሌሊት የሸበተ ይመስላል። የዴፖው ጠባቂ ወታደር ተይዞ ሁሉንም ተናግሯል። ሁልጊዜ ወፍጮው ሲሠራ ነበር ነዳጁን የሚስቡት፤ ጩኸት ጩኸትን ይሸፍናል። በዚያ ቀን መብራት ሲጠፋ ቱቦው ተገጥሞ ነበር። ጠባቂው በማግስቱ ሊቀየር ስለሆነ ሌላ ቀን አልነበራቸውም። ሰዉ ወፍጮው ነው ብሎ ያልፋል አሉ፤ እንዳሉትም አለፈ።

«እሳቸውን ለመግደል አላሰብኩም፤» አለ ሊቀመንበሩ።

«ቤታቸው ለምን ሄድክ?»

«እሳቸው መጡ። ወፍጮ ቤት ድረስ። ‹ከሽቦው ሥር አንድ ወታደር ቱቦ ቀብሯል፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን ቦዩ ጋርዶኛል፤ መጥተህ እይልኝ› አሉኝ። ተከትያቸው ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ቆሜ ምንም አይታየኝም አልኳቸው። መነጽሩን ከአንገታቸው ሳያወልቁ እያቀበሉኝ ‹በዚህ እይ› አሉ። ‹ምንም የለም፣ እናቴ› አልኩ። ያን ጊዜ ዓይኔን አዩኝ። ለካምፑ በር ጠባቂ ራሴ እነግራለሁ ብለው ተነሡ። መነጽሩን ይዤ ነበር፤ ስስብ ተበጠሰ። ወደ ኋላቸው ሄዱ። አልጋው…»

«ወደ ታች ስታወርዳቸው ይተነፍሱ ነበር?»

ሊቀመንበሩ እጁን አየ። «አላየሁም።»

«ማየት አልፈለግክም።»

ሳጅኗ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«አንድ ነገር አልገባኝም፤» አለ መርማሪው። ድካሙ ድምፁ ውስጥ ነበር። «እሳቸው ለፖሊስ የሚደውሉ ሰው ናቸው። ለምን ወደ አንተ መጡ?»

ሊቀመንበሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየው፤ የተገረመ ይመስል ነበር።

«እናንተ ናችኋ የላካችኋቸው። ‹ፖሊስ ደወልኩ፤ ለኮሚቴው ንገሪ አለኝ› ብለው ነው የመጡት።»

* * *

ወፍራሙ ኮንስታብል መጀመሪያ ካደ፤ ኋላ ደግሞ ተበሳጨ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ።

«ከላይ የመጣ መመሪያ ነው ጌታዬ። የሰፈር ጥቆማ በኮሚቴው ተጣርቶ ይምጣ ተብሏል። ያዩታል፤ ከበሩ አጠገብ ተለጥፏል። እሳቸው ደግሞ በየቀኑ… አንድ ሰው ነኝ እኮ። የስንቱን ጩኸት ልስማ? ‹እማማ፣ ደክሞኛል፤ ለሊቀመንበሩ ንገሩት፤ እሱ ካመነበት ያመጣዋል› አልኳቸው። ክፋት አስቤ አይደለም።»

«አውቃለሁ፤» አለ መርማሪው። የሚቆጣበት አቅም ፈለገ፤ አላገኘም። «በመጀመሪያው ቀን ለምን አልነገርከኝም?»

ኮንስታብሉ መሐረቡን አጠፈ፤ ዘረጋ፤ አጠፈ። ስልኩ ጮኸ። ሁለቱም አዩት። ኮንስታብሉ አነሣው።

መርማሪው ወደ ውጭ ወጣ። ፎቶ አንሺው ከእስር ተፈትቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ የተቀደደውን ሸሚዝ በመርፌ ቁልፍ ይዞታል። ቤት ላድርስህ ቢለው በእግሬ እሄዳለሁ አለ። በሰፈሩ መሀል ቀስ ብሎ፣ ሁሉም እንዲያየው መሄድ ፈልጎ ነው። ዳቦ ጋጋሪዋ ሲያልፍ ዳቦ ዘረጋችለት ይባላል። አልተቀበላትም፤ ፊቱንም አላዞረባትም።

* * *

ልጅቱን ያገኛት የእናቷ ቤት ነው። የምትጥለውንና የምትወስደውን እየለየች ነበር። አልጋው ወጥቷል። የአባቷ ፎቶ በፎጣ ተጠቅልሎ በር አጠገብ ተቀምጧል። መብራቱ ተመልሶ የደረጃው አምፖል በቀን ይበራል።

መርማሪው መንገዱን ሁሉ የሚለውን ሲያዘጋጅ መጥቷል። ሳጅኗ አትንገራት ብላው ነበር፤ «ተይዟል፣ አምኗል፣ ይበቃታል። ቀሪው ለማን ይጠቅማል?» ብላ። ልክ ሳትሆን አልቀረችም። ቢሆንም ነገራት። ከስልኩ ጀምሮ፣ ምንም ሳይዘል። ልጅቱ የእናቷን ሹራብ እያጠፈች ሰማችው። አንዴ ብቻ እጇ ቆመ።

«ያየችው እውነት ነበር ማለት ነው፤» አለች።

«እውነት ነበር።»

«ስልኩን ያነሣው ሰው… ማን ነው?»

መርማሪው ስም ሊጠራ አልፈለገም። «ክፉ ሰው አይደለም። ቀን ከሌት ስልክ የሚያነሣ ነው። ደክሞት ነበር።»

ልጅቱ ሹራቡን ካርቶኑ ውስጥ አስገባችና ላዩን በመዳፏ አስተካከለች።

«እማዬም ደክሟት ነበር፤» አለች።

መርማሪው ካርቶኑን ብድግ አደረገ። ከጠበቀው በላይ ይከብድ ነበር። ልጅቱ ፎቶውን አቅፋ ቀደመች፤ እሱም በጠባቡ ደረጃ ከኋላዋ፣ እርከኑን በእግሩ እየዳበሰ፣ ቀስ ብሎ ወረደ።